ኩልሱምና የማይጣፍጠው ስኳር

ኩልሱም እኔን ያኮረፈችኝ በስኳር ነው። መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ፤ እኔ ግን ያኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። እኔ ስታመም ከራስጌዬ የማትጠፋ፣ ልጇ ትንሽ ሳለች ገበያ ስትወጣ እኔ ጋ ታውላት የነበረች፣ ማለቴ ከእህት የማትለይ ሴት ናት። እና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ ሳሎኔ መሃል ቆመችና፣ «ባሌን በስኳር የምትገድዪው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ማንም አይደለም» ብላኝ ወጣች። እኔ ስመኝ፣ ሰላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት፣ የሰው ባል ገዳይ ተባልኩ። ደሜ ፈላ።

ኩልሱም ቡላና ቆጮ ነጋዴ ናት። ከስልጤ አገር በሙሽርነቷ መጥታ ካዛንቺስ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጀመረች። በኋላ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ቂርቆስ ተዛወረች፤ የክትፎ ቤት ደንበኞቿም ተከትለዋት ሄዱ። የማይከተሏት አይደለችም። እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ፣ ከውሃው ስር ነጭ ሆኖ የሚዘቅጠው ቡላ ነው። የተጨመቀው ጉድጓድ ገብቶ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። የሚተርፈው ጭረት ደግሞ ቃጫ ነው፤ ገመድ ይገመድበታል። ይሄን ሁሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት እንጂ እኔ የጎጃም ልጅ ከየት አውቄ። ቡላ ሲመጣላት ቆንጠር አድርጋ በጣቶቿ ታሸዋለች። ሲጥ ሲጥ ካላላት ዱቄት ገብቶበታል ማለት ነውና ያመጣውን ሰውዬ ከነሸክሙ ትመልሰዋለች። አንዴ ስትመልስ አይቻለሁ፤ ሰውየው ሁለተኛ በዚያ መንገድ ያለፈ አይመስለኝም።

ለእሷ ቡላ ምግብ ብቻ አይደለም። ሴት ስትወልድ ቡላ። አጥንቱ የተሰበረ ቡላ። ታይፎይድ ይዞት የተነሳ ቡላ። እኔ ራሴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ስወጣ አልጋዬ ድረስ በቅቤ የራሰ የቡላ ገንፎ እያመጣች፣ «አልፈልግም» ብል በማንኪያ እያጎረሰች ነው ያቆመችኝ። እና ያቆማል እኮ። በሳምንቱ ደረጃ ወጥቼበታለሁ።

ባሏ ሙክታር ከለገሃር የሚነሳ ሚኒባስ ሾፌር ነው። ዝምተኛ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚናገረውን ሁሉ ኩልሱም ትናገርለታለች። ስኳር በሽታ እንዳለበት ካወቁ ቆይተዋል፤ ክኒኑን ይውጣል፣ ይሠራል፣ በቃ። ታዲያ አንድ ማታ ኩልሱም ካልሲውን ስታወልቅለት ደም ታያለች። ለካ የጫማው ሚስማር የግራ እግሩን አውራ ጣት ሲወጋው ውሎ ኖሯል፤ እሱ ግን አልተሰማውም። በሽታው እግሩን አደንዝዞታል። ቁስሉ ይታጠባል፣ ይታሸጋል፤ ወር ቢሞላውም አልሽር አለ። ሐኪሙም ሳይሸፋፍን ነገራቸው። ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ካልወረደ ቁስሉ አይድንም፤ ካልዳነ ደግሞ ወደ አጥንቱ ሳይዘልቅ ጣቱ መቆረጥ አለበት።

የግራ እግር ማለት የፍሪሲዮን እግር ነው። ፍሪሲዮን የማይረግጥ ሾፌር ደግሞ ቤቱ ይቀመጣል፣ ሌላ ምን ይሆናል? ሙክታር ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተናገረም። እኔ ቤት መጥቶ ዜና ሲያይ ግን አየው ነበር፤ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ግራ እግሩ ሳያስበው ምንጣፌን ጫን ያደርግና ይለቃል፣ ጫን ያደርግና ይለቃል። አንጀቴን በላው።

ኩልሱም በስኳር ላይ ዘመተች። ከቤቷ ስኳር የሚባል ነገር ጠፋ። ማር ወጣ፣ ለስላሳ ወጣ፣ የእንግዳ ብስኩት ሳይቀር ወጣ። ሙክታር ሻዩን እንደ ኮሶ ፊቱን አጨማዶ ይጠጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ሰውየው ቁስለኛ ነውና ቡላው ጨመረ። ድሮ ጠዋት ብቻ የነበረው ገንፎ ማታም ሆነ፤ በመሃል የቡላ አጥሚት ገባበት። ሥጋ የሚሞላው፣ ቁስል የሚያሽረው እሱ ነዋ። ከእናቷ የወረሰችው ይሄንን ነው፣ በዓይኗም ያየችው ይሄንኑ ነው።

የደሙ ስኳር ግን ከፍ ይላል። በተለካ ቁጥር ከፍ ይላል። ክኒኑን በእጇ ነው የምታስውጠው፤ ቤቷ ስኳር የለም። እንግዲህ ሰውየውን በስውር የሚያበላው ሰው አለ ማለት ነው። ማነው? ሥራ ፈትቶ ከሰዓት ከሰዓት የሚውለው የት ነው? እኔ ጋ። ያን ቀን ልትጠራው ስትመጣ ደግሞ የስኳር ዕቃዬ ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። አዎ፣ እኔ ሻዬን በሦስት ማንኪያ ነው የምጠጣው፤ አመሌ ነው። ለሙክታር ግን ቅንጣት ጨምሬ አላውቅም። ይሄን ለማስረዳት ጊዜም አልሰጠችኝ፣ ተናግራ ወጣች። እሱ «ኧረ ኩልሱም» እያለ እያነከሰ ተከተላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ኩርፊያ ነው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኔም ብሆን ቀላል ሰው አይደለሁም፤ እሷ ፊቷን ሳታዞር በፊት ዞሬ እጠብቃታለሁ። ሙክታርም መምጣቱን ተወ። ዜናውን ብቻዬን ማየት ጀመርኩና ዜናው ራሱ አስጠላኝ። ይቅርታ እስክትለኝ ድረስ ቃል አልተነፍስም ብዬ ምዬ ነበር። ለዚያ ቀን የምናገረውንም ሳህን ሳጥብ፣ አልጋ ሳነጥፍ እለማመድ ነበር። ጥሩ ንግግር ነበር፣ ዋሾ አይደለሁም።

አንድ አርብ ሪሐና ከሥራ እንደመጣች ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ እኔ ጋ ገባች። ልጃቸው ናት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ከንፈሯ ደርቋል። ቁጭ በይ ብላትም አልቀመጥም አለች። ቆማ የነገረችኝ ይሄን ነው።

ያን ቀን ስለ ካርቦሃይድሬት እያስተማረች ነበር። አዮዲን ጠብ ሲደረግበት ስታርች ያለበት ምግብ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፤ በየዓመቱ የምታሳየው ነው። ድንች ላይ ጠብ አደረገች፣ ጠቆረ። ዳቦ ላይ አደረገች፣ ጠቆረ። አንዲት ተማሪ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ተነሳችና፣ ቲቸር የእናቴ ቡላ አለ፣ ይሞከር ወይ ትላለች። ሪሐናም እየሳቀች ጠብ አደረገችበት። ቡላው ከሁሉም በላይ ጠቆረ፣ በቃ ቀለም ሆነ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

«እኔ ቆሜ ቀረሁ፣ እትዬ ስመኝ» አለችኝ። «ስታርች የስኳር ሰንሰለት ነው እያልኩ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። አባቴ በየጠዋቱ ከጎኔ ተቀምጦ ሳህን ሙሉ ይበላል። መጽሐፉ ላይ ያለው ድንችና ዳቦ ነው። ቤት ያለው ደግሞ ቡላ ነው፤ ሁለቱን አገናኝቻቸው አላውቅም።»

ታዲያ ሂጂና ለእናትሽ ንገሪያታ አልኳት። እኔ እኮ መጀመሪያ የመጣልኝ ነጻ መውጣቴ ነው፤ የሰው ጠባይ ምን ይደረግ። ሪሐና ራሷን ነቀነቀች። እማን ያውቋታል አለች፤ በአፍ ብነግራት ወይ ፈረንጅ ያስተማረሽን ለፈረንጅ ንገሪ ብላ ታባርረኛለች፣ ወይ ደግሞ አምናኝ ትሰበራለች። ራሷ እንድታየው ነው የምፈልገው። እርስዎም ይኑሩ፣ በእርስዎ ላይ ነው የተፈረደው። እኔ ወደዚያ ቤት እግሬን አላነሳም አልኩ። እሁድ ሲደርስ ግን ሄድኩ። ለእሷ ብዬ አይደለም፤ ለሙክታር ጣት ስል ነው።

ኩልሱም ስታየኝ ግባም ውጣም አላለችኝ። ሪሐና እናቷን ትንሽ ቡላ በውሃ ብቻ እንድታገነፋላት ለምናት ነበር፤ ቅቤም ጨውም ሳይገባበት። ኩልሱም እያጉረመረመች ገነፋችው። ሪሐና ከዚያ ላይ ለአባቷ ጉርሻ ታህል ሰጠችውና፣ «አባ፣ አኝከው፤ ግን እንዳትውጠው» አለችው። ሙክታር ታዛዥ ነው፣ ያኝካል። ሦስት ሴቶች ተቀምጠን የአንድ ሰው አገጭ ሲንቀሳቀስ እናያለን። ኩልሱም ይሄ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው ማለት ጀምራ ሳትጨርስ የሙክታር ቅንድብ ከፍ አለ።

«ጣፈጠኝ» አለ።

ኩልሱም ሳህኑን ነጠቀችው። በገዛ እጇ የሠራችው ነው፤ ማንም ምንም አልጨመረበትም። ራሷ ጎረሰችና ዓይኗን ጨፍና አኘከች። እኔም ሳይሰጡኝ አነሳሁ። መጀመሪያ ላይ ምንም የለም፣ ሊጥ ነው። ቆይቶ ቆይቶ፣ ስንዴ ሲያኝኩት መጨረሻ ላይ እንደምትመጣው ያለች ስስ ጣፋጭነት ምላሴ ስር መጣች። ኩልሱም ዓይኗን ገለጠች። ቡላ ሲሸጥ የኖረ እጅ ነው፤ ይሄን ግን አታውቀውም ነበር። ማን ቡላን ሳይውጥ ያንን ያህል ያኝካል?

ሪሐና የአባቷን መቁጠሪያ፣ ሙስበሃውን፣ ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። እያንዳንዱን ጠጠር አንድ ግሉኮስ በሉት አለችን፤ አንዷ የስኳር ፍሬ ማለት ናት። ምላስ የሚያውቀው ከክሩ የወጣችውን ፍሬ ነው፤ ክር ላይ የተሰካውን አይቀምሰውም። ለዚህ ነው ቡላ የማይጣፍጠው። ምራቅ ግን ክሩን መፍታት ይጀምራል፣ አንጀት ይጨርሰዋል። ደም ጋ ሲደርስ ሁሉም የተፈታ ጠጠር ነው። ከሻይ ማንኪያም ይምጣ ከቡላ ሳህን፣ ደሙ አይጠይቅም።

እንሰቱ ምን ብሎ ነው እንዲህ የሚሰካው ብዬ ጠየቅኩ፤ ዝም ማለት አልችልበትም። ቅጠሉ በፀሐይ ስኳር ይሠራል አለች። የተፈታ ስኳር ግን ውሃ ውስጥ ይሟሟል እንጂ አይቀመጥም፤ ስለዚህ እየሰካ፣ እየጠቀለለ ግንዱና ሥሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ለራሱ ያኖረው ስንቅ ነው፤ እኛ ነን የምንወስድበት። የእኛም ጉበትና ጡንቻ እንደዚሁ ጥቂት ጥቂት እየሰካ ለነገ ያኖራል። አባ ጾም ውሎ መኪና የሚነዳው በዚያ ነው አለች። ቀጥላ ደግሞ ከእናቷ ጭነት ላይ የቀረ የቃጫ ቁራጭ አሳየችን። ይሄም ያው ጠጠር ነው፣ ያው ግሉኮስ፤ ግን አንዱ በፊቱ አንዱ በጀርባው እየተሰካ ስለሄደ ቀጥ ብሎ እርስ በርሱ ተጣብቋል። የእኛ ሆድ ሊፈታው አይችልም። የላም ሆድ ውስጥ ግን የሚፈቱላት ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ሳር በልታ የምትወፍረው ለዚህ ነው።

«ገመድ ስኳር ነው እያልሽኝ ነው?» አልኳት።

ነው፣ ግን ለእርስዎ አይደለም አለችኝ። ሳቅሁ። ሙክታርም ፈገግ አለ። ኩልሱም ግን አልሳቀችም። ጭኗ ላይ ያለውን ሳህን እያየች ነበር።

«እኔ ነኛ» አለች ቀስ ብላ። «ቁስሉ እንዲሽር ብዬ ጨመርኩለት። አልሽር ሲል ደግሞ ጨመርኩለት።»

ሪሐና ተንበርክካ እጇን ያዘቻት። ማንም አልነገረሽም እኮ እማ አለቻት። ሐኪሙ ዳቦና እንጀራ ምን ያህል ትበላለህ ብሎ ጠይቋል፤ አባም በታማኝነት መልሷል። ቡላ ያለ የለም። እኔ ተምሬ፣ አስተምሬ፣ እዚሁ ቤት ተቀምጬ ካላየሁት አንቺ ከየት ታዪዋለሽ? ሙክታር ያን ጊዜ ተናገረ። ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ኩልሱም፣ ሳህኑን ጨርሼ ጨምሪልኝ የምለው እኔ ነኝ» አላት። «ስንት ዘመን ለገሃር ጠዋት በጨለማ ስወጣ ያቆመኝ ይሄው ያንቺ ገንፎ ነው። አሁን ሰውነቴ አልችልም አለ። ጥፋቱ የሰውነቴ ነው፤ የእጅሽ አይደለም።»

አሁን ወደ እኔ ትዞራለች፣ አሁን ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። እሷ ግን ተነሥታ ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋችው። ስታለቅስ ይሰማኛል። ቤቴ ስገባ ተናድጄ ነበር፤ አንዲት ቃል ለማለት ምን ያህል ይከብዳል ብዬ። ከዚያ ደግሞ ያ «ጨመርኩለት» የምትለው ነገር መጣብኝና ብቻዬን አለቀስኩ። ስንት ዓይነት ሐዘን አለ፤ ሰውን በመውደድ መጉዳት ግን ሌላ ነው።

ሰኞ ለሐኪሙ ነገሩት። ሐኪሙ ግንባሩን ያዘ አሉ። መድኃኒቱን አስተካከለለት፤ ምግቡንም አስተማራቸው። ቡላ ሐራም አይደለም፣ ግን ትንሽ ይሁን፤ ከጎመን፣ ከአይብ፣ ከባቄላ ጋር ይሁን፣ ጎመኑ ይብዛ። ኩልሱም ደግሞ አንዴ ከገባት ገባት ነው። ገንፎው ከሳህን ወደ ሲኒ ወረደ፣ ያውም አልፎ አልፎ። ጎመን በየዓይነቱ ትቀቅላለች፤ ሽታው በግድግዳዬ ያልፋል። ሱቋም ድረስ ነገሩን ወሰደችው። አሁን ቡላ ከመመዘኗ በፊት ቤት ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች። አለ ካሏት ያ ሰው ስንት ይብላ፣ ከምን ጋር ይብላ እያለች ቆማ ታስረዳለች። አንዱ ሰውዬ ሴትዮ ሸቀጥሽን ሽጪ፣ ምን አገባሽ ብሏት ቡላውን ከእጁ ወስዳ መልሳበታለች። ለአራስ ከሆነ ግን መርቃ ነው የምትሰጠው፤ አራስዋ ጉልበት ያስፈልጋታል፣ እሱ አልተለወጠም።

እኔ ይሄን ሁሉ የምሰማው ከሪሐና ነው። ደረጃ ላይ ታገኘኛለች፤ ወረደ እትዬ ስመኝ፣ ትንሽ ወረደ ትለኛለች በሹክሹክታ። ኩልሱም ግን አሁንም ታመልጠኛለች። በፊት የምታዞረው በንዴት ነበር፤ አሁን በሃፍረት ነው፤ ይለያል፣ አየዋለሁ። እኔም ልቅደም እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ በዳይዋ እሷ ሆና እኔ ምን በወጣኝ እላለሁ። እልህ መጥፎ ነገር ነው።

ቁስሉ ታይቶ ጣቱ ይቆረጥ አይቆረጥ የሚወሰንበት ቀን ደረሰ። ጠዋት በመስኮት አየኋቸው፤ ኩልሱም ክንዱን ደግፋ ታክሲ ውስጥ አስገባችው። እንግዲህ ስለ ሰው እስላም ባል አንዲት የጎጃም ሴት ቅዱስ ቂርቆስ ሄዳ ጧፍ ተሳለች ቢባል ማን ያምናል? ተሳልኩ። ስመለስ ምሳ አልሠራሁም። ቲቪ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። መኪና በቆመ ቁጥር ወደ መስኮቱ እሮጣለሁ፤ በመጨረሻ ደክሞኝ ሶፋው ላይ ተጋደምኩና ሲመጡ ሳላይ ቀረሁ።

በሩ ሲንኳኳ ብድግ አልኩ። ኩልሱም ናት። ሻሿ ወደ ትከሻዋ ወርዷል፣ ታለከልካለች። ፊቷን አይቼ መለየት አልቻልኩም፤ እንባዋ የምንድን ነው?

«አይቆረጥም» አለችኝ። «ከስሩ ቀይ ሥጋ እየሞላ ነው አለ። ስኳሩ በዚሁ ከቆየ ቁስሉ ይዘጋል አለኝ፣ ስመኝ። አይቆረጥም።»

መቃኑን ያዝኩ። እሷ አላቆመችም።

«ለእህቶቼ አልደወልኩም። ሪሐናም ገና ክፍል ውስጥ ናት፣ አልሰማችም። መጀመሪያ አንቺ ጋ ነው የመጣሁት። ያን ቀን ያን ቃል ተናግሬሽ... በምን ዓይኔ...» አለችና እንባዋን በሻሿ ጠረገች።

ያ ስንት ቀን የተለማመድኩት ንግግር አንድ ቃሉ እንኳን አልመጣልኝም። እጇን ስቤ አስገባኋት፣ እሷ ግን በር ላይ ቆመች። ሙክታርስ የት አለ አልኳት።

ደረጃው ላይ ነው አለችኝ። ልደግፍህ ብለው ሂጂ፣ ቀድመሽ ለስመኝ ንገሪያት፣ ብቻዬን እወጣለሁ አለኝ። ሁለታችንም ወደ ደረጃው ወጥተን ብረቱን ተደግፈን ቁልቁል አየን። አይታይም፤ እግሩ ግን ይሰማል። ቀኙን ያነሳል፣ ያርፋል፤ ግራውን ያነሳል፣ ይረግጣል፣ ያርፋል። ኩልሱም እጄን ጨበጠችኝ። እኔም ጨበጥኳት፣ እኛ ያለንበት ፎቅ እስኪደርስም አልተላቀቅንም።